ጠንካራው ማሰሪያ ለምን መምረጥ አቃተው?

ጠያቂያችን የማስተርስ ተማሪ ናት። ጥያቄዋ ባጭሩ ይህ ነው፦ «መድኃኒት የተሸከመ ናኖፓርቲክል (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት) የጡት ካንሰር ሴል ላይ ብቻ እንዲጣበቅ እፈልጋለሁ። ኢላማዬ ሄር2 የሚባለው የሴል ገጽ ተቀባይ ነው። ችግሩ ይህ ተቀባይ ጤነኛው ሴል ላይም አለ፤ ልዩነቱ የብዛት ብቻ ነው። አማካሪዬ በጣም አጥብቆ የሚይዝ አንቲቦዲ ፈልጊ አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ደካማውን ተጠቀሚ ይለኛል። ደካማ ነገር እንዴት የተሻለ ሊመርጥ ይችላል? ፊዚክሱ አልገባኝም።»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ነው። የአማካሪሽ ምክር ደግሞ ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። ቅንጣቴ በደንብ ይጣበቅ ለሚል ሰው ጠንካራ ማሰሪያ ጥሩ ነው። አንቺን ያስጨነቀሽ ግን የማይጣበቅበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጥንካሬ ራሱ ጠላት ይሆናል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው፤ ነገሩ አንዴ ከገባሽ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ ይታይሻል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ጤነኛ ሴል ላይ ያለው ሄር2 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ሄር2 የበዛበት የካንሰር ሴል ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቅንጣትሽ ተቀባዩን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ መቁጠር አለበት። አእምሮ የሌለው ቅንጣት እንዴት ይቆጥራል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ቅንጣቱ ተቀባዩን የሚይዝበትን ማሰሪያ እጅ እንበለው። አንድ እጅ ብቻ ያለው ቅንጣት መቁጠር አይችልም። ተቀባዩ 10 እጥፍ ቢበዛ፣ የሚጣበቀው ቅንጣት ቢበዛ ቢበዛ 10 እጥፍ ነው። ከዚያ አያልፍም። እጁን ብታጠነክሪውም ለውጥ የለም፤ እንዲያውም ይብሳል። አስቢው፦ በካንሰሩ ሴል ላይ ቅንጣት ሊያርፍ ከሚችልባቸው ቦታዎች 99 በመቶው እንዲሞላ ማሰሪያውን አጠነከርሽ እንበል። ተቀባዩ 10 እጥፍ ባነሰበት ጤነኛ ሴል ላይ ስንቱ ይሞላል? 91 በመቶ ገደማ። በቃ፣ ሁለቱንም ሸፍነሻል። ጤነኛውን ለማዳን ብለሽ የቅንጣቱን ብዛት ብታሳንሺ ደግሞ ካንሰሩም ባዶ ይቀራል።

አሁን ቅንጣቱን 10 እጅ እንስጠው፤ እያንዳንዱን እጅ ግን ደካማ እናድርገው። ስሌቱን አብረሽኝ ስሪ፣ ከባድ አይደለም። አንድ እጅ ነፃ ሆኖ የመንሳፈፉን ክብደት (ማለትም የዕድል ድርሻ) 1 እንበለው። ጤነኛው ሴል ላይ ካሉት ተቀባዮች አንዱን የመያዙ ክብደት ደግሞ 0.3 ይሁን። ማለትም እጁ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ካንሰሩ ላይ ተቀባዩ 10 እጥፍ ስለሆነ ይኸው ክብደት 3 ይሆናል። የእጁ ጠቅላላ ክብደት ጤነኛው ላይ 1.3፣ ካንሰሩ ላይ 4 ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሦስት እጥፍ ትንሽ ያልፋል።

ግን እጁ 10 ነው። እያንዳንዱ እጅ ለብቻው ይያዛል ወይም ይለቃል፣ ስለዚህ ክብደታቸው ይባዛል። 1.3ን በራሱ 10 ጊዜ አባዢው፤ 14 ገደማ ነው። 4ን በራሱ 10 ጊዜ አባዢው፤ ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። ሁሉም እጆች ነፃ የሆኑበትን፣ ማለትም ቅንጣቱ ያልተጣበቀበትን አንዱን ሁኔታ ስትቀንሺ፣ 13 ከ1 ሚሊዮን ጋር ይፋጠጣል። ከ80,000 እጥፍ በላይ ልዩነት! የተቀባዩ ልዩነት 10 እጥፍ ብቻ እንደነበር አትርሺ። የቅንጣቱን ብዛት አስተካክለሽ ካንሰሩ ላይ 99 በመቶው ቦታ እንዲሞላ ብታደርጊ፣ ጤነኛው ላይ የሚሞላው ከ1000 ቦታ አንድ ወይም ሁለት ነው።

(ይህ ቀለል ያለው ስሌት አንዱ እጅ የያዘውን ተቀባይ ሌላው እጅ ሊይዘው እንደማይችል ችላ ይላል። እሱን ብታስገቢ ተቀባይ ባነሰበት ጤነኛ ሴል ላይ ትስስሩ ይበልጥ ይደክማል እንጂ አይጠነክርም።)

ይህን ነገር በ2011 በንድፈ ሐሳብና በኮምፒውተር ስሌት ጥርት አድርገው ያሳዩት በካምብሪጅ የነበሩት ፍራንሲስኮ ማርቲኔዝ-ቬራኮኤቼያ እና ዳን ፍሬንክል ናቸው። ስሙን ሱፐርሰሌክቲቪቲ አሉት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ተቀባዩ በጥቂቱ ሲጨምር፣ የሚጣበቀው ቅንጣት ከዚያ በሚበልጥ ፍጥነት ሲጨምር ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጋሊና ዱባቼቫና ራልፍ ሪክተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በእውነተኛ ሙከራ አሳዩት። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ረጅም ሞለኪውል ላይ ብዙ ደካማ ማያያዣ ሰቅለው፣ የማያያዣው ጥንድ በተለያየ ብዛት በተተከለበት ገጽ ላይ አጣበቁት። ገጹ ላይ ያለው ብዛት አንድ ደረጃ ሲያልፍ የተጣበቀው ሞለኪውል ብዛት ሽቅብ ተመነጠቀ።

አሁን «ለምን?» ወደሚለው እንግባ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? መልቲቫለንሲን፣ ማለትም በብዙ እጅ መያዝን የሚያስተምሩ ብዙ ሰዎች እዚህ ተረት ላይ ያቆማሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን የሚነግርሽ ስለ ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለ ምርጫው አይነግርሽም። ምርጫው የሚመጣው ከመንገድ ብዛት ነው።

ወረቀት አውጪና ሣዪው። 3 እጅ ያለው ቅንጣት፣ ከሥሩ 3 ተቀባይ። በአንድ እጅ ብቻ የሚጣበቅበት መንገድ ስንት ነው? 3 እጅ በ3 ተቀባይ፣ 9 መንገድ። በሦስቱም እጅ የሚጣበቅበት? የመጀመሪያው እጅ 3 ምርጫ አለው፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1። ስድስት መንገድ። አሁን ተቀባዩን ወደ 6 አሳድጊው። በአንድ እጅ የሚጣበቅበት መንገድ ከ9 ወደ 18 ሄደ፤ እጥፍ ብቻ። በሦስቱም እጅ የሚጣበቅበት ግን 6 በ5 በ4፣ 120 ሆነ። ሃያ እጥፍ!

ተቀባዩ እጥፍ ሆነ፣ መንገዱ ሃያ እጥፍ ሆነ። ኢንትሮፒ የሚባለው ይኸው ነው። ቅንጣቱ ተቀባይ የበዛበት ቦታ የሚቆየው አንዱ ተቀባይ አጥብቆ ስለያዘው አይደለም። አንዱን ሲለቅ ሌላውን የሚይዝበት፣ እጅ የሚቀያይርበት፣ የሚላወስበት መንገድ ስለበዛለት ነው። ተቀባይ ባነሰበት ቦታ መንገዱ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ እጆቹ በሙሉ ነፃ የሚሆኑባት አንዲት ቅጽበት ትመጣና ይሄዳል።

ገጠር ያደገ ሰው ጨጎጎትን ያውቃል። ሜዳ አቋርጠሽ ስትመጪ ልብስሽ ላይ የሚለጠፈው ያ አረም። አንዷን ፍሬ አንሥተሽ በቅርብ እይያት። ዙሪያዋን የከበቧት ጥቃቅን መንጠቆዎች ናቸው። አንዱ መንጠቆ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ነካ ስታደርጊው ይለቃል። ጸጉራም ሹራብ ላይ ግን ስትጥያት ሙጭጭ ትላለች፤ አንዱን ስታላቅቂ ሌላው ይይዛል። ልሙጥ ጃኬት ላይ ስትጥያት ተንሸራታ ትወድቃለች። ልሙጡም ጨርቅ እኮ ክር አለው፤ ግን ሾልኮ የወጣው ክር ጥቂት ነው። ጨጎጎት እንግዲህ ክር ትቆጥራለች። በእሷ ፋንታ ምስማር ብትወስጂስ? ምስማር ሹራቡንም ጃኬቱንም እኩል ይወጋል። ምስማር ጠንካራ ነው፤ ለእሱ ጨርቅ ሁሉ አንድ ነው።

ደካማ ስንል ግን ምን ያህል? እዚህ ላይ ሙቀትን መጥራት ግድ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለ ማንኛውም ቅንጣት በውሃ ሞለኪውሎች ሲገፋና ሲደበደብ ይውላል። የዚህ ግፊያ መለኪያ የሙቀት ጉልበት ነው፤ ፊዚክስ ተማሪዎች ኬቲ የምንለው። አንድ ትስስር ደካማ ነው ወይም ጠንካራ ነው የሚባለው ከዚህ ጋር ሲመዘን ነው። የመለያያ መጠኑ (ከተቀባዮቹ ግማሹ የሚያዝበት መጠን፤ ሲያንስ ትስስሩ ጠንካራ ነው) 1 ሚሊሞላር የሆነ ትስስር ጉልበቱ 7 ኬቲ ያህል ነው። 1 ናኖሞላር የሆነው ደግሞ 21 ኬቲ ያህል። ሦስት እጥፍ ብቻ ይመስላል፣ አይደል? ወደ ጊዜ ስትቀይሪው ግን ሰማይና ምድር ነው። በተለመደው የመያዝ ፍጥነት ብንሄድ፣ የመጀመሪያው ትስስር የሚቆየው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ነው። ሁለተኛው ሩብ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሄር2ን የሚይዘውን ትራስቱዙማብን የመሰለ ጥሩ አንቲቦዲ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ሰፈር ወይም ከዚያም በላይ ነው።

አሁን የዚህ ዓይነት 10 እጅ ቅንጣቱ ላይ ትከዪበት። ጤነኛ ሴል ላይ በሁለት እጅ እንኳ ከያዘ ፍንክች አይልም። ስህተቱን የሚያርምበት ዕድል የለውም። መምረጥ ማለት እኮ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መሞከር ነው። የማይለቅ እጅ አልሞከረም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ቀረ።

«እሺ፣ ጠንካራውን እጅ ይዤ የቅንጣቱን ብዛት በጣም ባሳንሰውስ?» ትይ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወረቀት ላይ ይሠራል። ግን ከላይ ባለው ስሌት የእያንዳንዱን እጅ ትስስር 100 እጥፍ ብታጠነክሪ፣ ያንኑ ምርጫ ለማግኘት ቅንጣቱን ከ60 ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ማቅጠን ሊኖርብሽ ነው። ያኔ የሚመረጥ ቅንጣት ራሱ አይኖርም። ስሌቱ የሚሠራው ነገሮች ተረጋግተው ሚዛን ሲይዙ መሆኑንም አትርሺ። የማይለቅ ትስስር ያንን ሚዛን በሙከራሽ ዕድሜ አያደርስሽም።

እኔም በተማሪነቴ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚንና ስትሬፕታቪዲን የሚባለው ፕሮቲን በተፈጥሮ ከሚታወቁት ኮቫለንት ያልሆኑ ትስስሮች እጅግ ጠንካራ ከሆኑት አንዱ ናቸው፤ እኔም «ጠንካራ ከሆነ ይሻላል» ብዬ በእነሱ ጀመርኩ። ወራት ፈጀብኝ። ብዙ ተቀባይ ያለበት ገጽ ላይ ቅንጣቶቹ ሞሉ፤ ደስ አለኝ። ጥቂት ባለበትም ሞሉ። ጠዋት መጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁለቱን ገጾች መለየት አልቻልኩም። በኋላ በደካማ ዲኤንኤ ጥንዶች ቀየርኩት፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ፊደል ብቻ ያላቸው። ያኔ ነው አንዱ ገጽ ጨለማ፣ ሌላው ብርሃን ሆኖ ያየሁት። ያን ምስል ዛሬም አልረሳውም።

ተፈጥሮ ይህን ከእኛ በፊት ታውቀዋለች። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን ውሰጂ። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። ገጹ ላይ 300 ያህል ሄማግሉቲኒን የሚባሉ እጆች አሉት። እነዚህ እጆች የሚይዙት ሴሎቻችን ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ነው። የአንዱ እጅ የመለያያ መጠን 3 ሚሊሞላር አካባቢ ነው። እጅግ ደካማ! ብቻውን የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ተባብረው ግን ቫይረሱን ሴሉ ላይ ያቆዩታል። ከዚህም የሚገርመው መቀስ ይዞ መሄዱ ነው። ኒውራሚኒዴዝ የሚባለው ኢንዛይሙ ያንኑ ስኳር ይቆርጣል፤ ቫይረሱ እየያዘና እየቆረጠ ይራመዳል፤ አዲስ የተወለዱት ቫይረሶችም በዚሁ ከሴሉ ይላቀቃሉ። ኦሰልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው ይህን መቀስ በማደንዘዝ ነው። መልቀቅ የማይችል ቫይረስ ባለበት ተጣብቆ ይቀራል።

ጠንካራ እጅ ስለሚያስከትለው ነገር ደግሞ አንድ ከባድ ታሪክ ልንገርሽ። ያንቺኑ ተቀባይ ስለሚመለከት ማወቅ አለብሽ። በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሕክምና ዘገባ ነው። የአንጀት ካንሰሯ የተሠራጨባት ታካሚ ነበረች። ከራሷ የተወሰዱ ቲ ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) ሄር2ን እንዲያጠቁ ተለወጡ። ማወቂያ እጃቸው የተሠራው ከትራስቱዙማብ፣ ማለትም ከጠንካራው አንቲቦዲ ነበር። 10 ቢሊዮን ያህል ሴል ተሰጣት። በ15 ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ አቃታት፤ በአምስተኛው ቀን ሕይወቷ አለፈ። ሐኪሞቹ የደረሱበት ማብራሪያ ይህ ነው፦ የሳንባዋ ሴሎች ላይ ጥቂት ሄር2 ነበር፤ ለቲ ሴሎቹ ያ ጥቂት በቂ ሆነ። ቲ ሴል ሕያው ነገር ነው፣ እንደ ናኖፓርቲክል ዝም ብሎ አይጣበቅም፤ ስለዚህ የኔን ስሌት እንዳለ አትጫኚበት። ትምህርቱ ግን ያው ነው። ብዛትን የማይለይ እጅ ጥቂቱንም ብዙውንም አንድ ያደርጋል።

በ2021 በሳን ፍራንሲስኮ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዌንዴል ሊም ቡድን መፍትሔ አሳየ። የቲ ሴሉን ሥራ ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ ሄር2ን የሚፈትሸው እጅ ደካማ ነው፤ ብዙ ሄር2 ካላገኘ ምልክት አይሰጥም። ምልክቱ ሲሰጥ ብቻ ሴሉ ጠንካራውን የማጥቂያ እጅ ያመርታል። ቆጣሪው ደካማ፣ መቺው ጠንካራ። ሄር2 የበዛባቸውን ሴሎች ገደለ፤ ጥቂት ያላቸውን ተወ። እኔ በግሌ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ሥራዎች እጅግ ከማከብራቸው አንዱ ነው።

ግን ተጠንቀቂ። «ደካማ ጥሩ ነው» የሚለውን ይዘሽ እስከ መጨረሻው አትሂጂ። ከላይ ያለውን 0.3 ወደ 0.003 ብትቀንሺው፣ ቅንጣቱ ካንሰሩም ላይ ቢሆን ቢይዝ በአንድ እጅ ነው። እንደገና ባለ አንድ እጅ ሆነ፣ 10 እጥፉ ተመልሶ መጣ። የሚፈለገው መሃል ላይ ነው። ካንሰሩ ላይ አንድ እጅ ከነፃነቱ ይልቅ የመያዙ ዕድል እንዲበልጥ፣ ጤነኛው ላይ ደግሞ እንዲያንስ። መስኮቱ ጠባብ ነው። እዚያ መስኮት ውስጥ ስትገቢ የእጅ ብዛት ጨምሪ፤ ተቀባይ ሲበዛ የሚጣበቀው ቅንጣት የሚጨምርበት ዳገት የሚሾለው በእጅ ብዛት ነውና።

የእጁ ክርም ነገር አለው። እጆቹ ልል በሆነ ክር ካልተሰቀሉ፣ ተቀባዩ አጠገብ ሆኖ እንኳ አይደርሱበትም። ግትር እጅ አንድ ቦታ ብቻ ይደርሳል፤ የመንገዱ ብዛት እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ክር እንጠቀማለን።

ከወረቀት ወደ ደም ስትሄጂ ሌላ ነገር ይጠብቅሻል። ቅንጣትሽ ደም ውስጥ እንደገባ ፕሮቲኖች ይለብሱታል። በ2013 ከደብሊን የወጣ ሥራ ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን የተተከለባቸው ናኖፓርቲክሎች በዚህ ልባስ ምክንያት ኢላማቸውን የመለየት ችሎታ ሊያጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። እጆችሽ ቢሸፈኑ ምን ይቆጥራሉ? ተቀባዮቹም ቢሆኑ እንደ ችካል ተተክለው አይቀመጡም፤ ሽፋኑ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ቅንጣቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ይህ ጤነኛውን ሴል ቀስ በቀስ ብዙ ተቀባይ ያለው ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ከሴሎቹ ጋር የምታቆዪበትን ሰዓት አትርሺ፤ ግማሽ ሰዓትና አንድ ቀን አንድ ዓይነት ውጤት ላይሰጡሽ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ፣ በ2016 የታተመ አንድ የአሥር ዓመት የጥናቶች ግምገማ ከተወጋው ናኖፓርቲክል ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ያንቺ ፊዚክስ የሚሠራው ከደረሰው ላይ ነው። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ ውጤትሽን ስታነቢ ጥፋቱን ያለቦታው እንዳትፈልጊው ነው።

ታዲያ ከየት ትጀምሪ? አንቲቦዲ ከማዘዝሽ በፊት የሁለቱንም ሴሎች ሄር2 ቁጠሪ፤ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለካው ዘዴ)፣ መጠናቸው በታወቀ ማነጻጸሪያ ዶቃዎች። የሁለቱን ብዛት ሳታውቂ ምርጫን መንደፍ አይቻልም። ከዚያ ከአማካሪሽ ጠንካራ አንቲቦዲ ጋር የማይጣላ መንገድ አለ፦ የዚያኑ አንቲቦዲ ሚውቴሽን የተደረገባቸው ደካማ ዓይነቶች አሉ፤ ሊም ጋም የተጠቀሙት እንዲህ ያለውን ነው። ጠንካራውንም ደካማውንም ጎን ለጎን ፈትኚ። አማካሪሽ በክርክር ሳይሆን በግራፍ ይመኑሽ።

ግራፉ ሲሠራ በአግድሙ የተቀባይ ብዛት፣ በቁሙ የተጣበቀ ቅንጣት፣ ሁለቱም በሎጋሪዝም ይሁኑ። የመስመሩን ዳገት ለኪ። 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቅንጣትሽ እየቆጠረ አይደለም። 2 ወይም 3 ካየሽ ገብተሽበታል። ሁለት ሴል ብቻ ይዘሽ ግን ዳገት አይሣልም፤ ቢያንስ አራት አምስት የሄር2 መጠን ያላቸው የሴል መስመሮች አሰባስቢ። ካላገኘሽ ስስ የቅባት ሽፋን በመስታወት ላይ ሠርተሽ ተቀባዩን በሚፈለገው ብዛት መትከል ይቻላል፤ እኔ ብሆን እንዲያውም ከዚያ ነው የምጀምረው።